ጉድጓዱን ያየ ሹም

በመንገድ ላይ ጉድጓድ የቈፈረ ሰው በደለኛ ነው፤ ዝናብ የቈፈረውን አይቶ ያላስደፈነ ሹምስ? ብዙዎች ስንፍና ይሉታል እንጂ በደል አይሉትም። ኢጣሊያኖች የሠሯቸው ጎዳናዎች ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ጠባቂ አጥተው ስለ ተበላሹ፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም የመጀመሪያ ሥራው እነርሱን ማደስ ሆነ። (መንገድ ሲመረቅ ሪባን ይቈረጣል፤ የውሃ መውረጃ ቦይ ለጠረገ ግን ማን ያጨበጭባል?) በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ከተቋቋመ ወዲህ ነጂው ነዳጅ በገዛ ቍጥር ለጥገና ይከፍላልና፣ ጥገናው ዕዳ እንጂ ችሮታ አይደለም። የዓባይን በረሃ ቍልቍለት የሚወርድ የጭነት መኪና ነጂ ፍሬኑን ራሱ ይመርምር፤ ይህ የእርሱ ፈንታ ነው። ከጠመዝማዛው ወዲያ መሬቱ ከድቶ አስፋልቱ መስመጡን ግን ከወዴት ያውቃል? የሚያውቀው ሹሙ ነው። ምልክት ሳያስቆም ያደረ እንደ ሆነ፣ ሌሊቱን ሰው ቢሞት፣ «በጀቱ አልተፈቀደልኝም» ማለት መልስ አይሆንለትም።