የሰው ዝንባሌ ምርምርና የፍትሕ ሚዛን

ምስጋና ሰውን ከአፈር ፈጥሮ ላከበረው ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ ላይ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸውም ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

ወንድሜ ሆይ! በዘመናችን በሊቃውንቱም በተራው ሰውም አንደበት የሚመላለስ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ አንዳንድ ሰው ልቡ ወደ ገዛ ጾታው የሚያዘነብለው በተፈጥሮው ነውን ወይስ በምርጫው? የሚል ነው። ከዚህ ጥያቄ ተነሥተው ሁለት ወገኖች ሁለት ፍርድ ያወጣሉ። አንደኛው ወገን «ዝንባሌው ከተፈጥሮ መሆኑን ሳይንስ ካረጋገጠ፥ ለሰውየው እኩል መብት ይገባዋል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሳይንስ ይህን ካላረጋገጠ መብት የለውም፤ ያሻንን ብናደርግበት አንጠየቅም» ይላል። እነዚህ ሁለቱ የሚጣሉ ቢመስሉም በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ የፍትሕን ሚዛን ከዳኛው እጅ ወስደው በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ አኑረዋልና። እኛም ይህ ስሕተት መሆኑን በአላህ ፈቃድ እናስረዳለን።

በመጀመሪያ የምርምሩን ታሪክ በእውነት እንናገር፤ ሳያውቁ መመስከር ለሙእሚን አይገባውምና። በዚህ ክፍል ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1897 በበርሊን ከተማ ማግኑስ ሂርሽፌልድ የተባለ ሐኪም ማኅበር አቋቁሞ፥ በወንዶች መካከል የሚደረገውን ፍትወት የሚቀጣው የጀርመን ሕግ እንዲሻር ጠየቀ። የማኅበሩም መርሕ በዕውቀት በኩል ወደ ፍትሕ መድረስ ነበር። በ1919 የምርምር ተቋም ከፈተ፤ በ1933 ግን የናዚ ወገኖች ተቋሙን ዘርፈው መጻሕፍቱን በአደባባይ አቃጠሉ፤ በ1935ም ሕጉን ይባስ አከበዱት። እንግዲህ አስተውል፤ ይህ ሰው ዝንባሌው ከተፈጥሮ ነው ብሎ አስተማረ፤ ጨካኞቹ ግን ይህን ሰምተው አልራሩም።

በ1957 ኤቭሊን ሁከር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ እንዲህ ያለ ዝንባሌ ያላቸውን 30 ወንዶችና ሌሎች 30 ወንዶችን መርምራ ውጤቱን ለባለሙያዎች ብታቀርብ፥ ባለሙያዎቹ ማን ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ሊለዩ አልቻሉም። በ1973 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር፥ በ1990 ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት ዝንባሌውን ከበሽታዎች ዝርዝር አወጡት። በ1991 ሳይመን ሌቬይ የ41 ሟቾችን አንጎል መርምሮ በአንዲት ትንሽ ክፍል ላይ ልዩነት አየሁ አለ፤ ነገር ግን ልዩነቱ የዝንባሌው ምክንያት ይሁን ወይም ውጤት ጥናቱ አልለየም። በ1993 ዲን ሄመር 40 ጥንድ ወንድማማቾችን መርምሮ ከእናት በሚወረስ የዘር ክፍል ላይ ምልክት አገኘሁ አለ፤ በ1999 ሌሎች መርማሪዎች ያንኑ ምልክት ቢፈልጉት አጡት። በ2019 ከ470,000 በላይ ሰዎች የተመረመሩበት ጥናት ታተመ። ውጤቱም እንዲህ ነበር፦ ነገሩን ብቻውን የሚወስን አንድ ዘረ መል የለም፤ የዘር ድርሻ ግን አለ፤ ይህም በብዙ ትናንሽ ስፍራዎች የተበተነ ነው፤ ከዘሩም ተነሥቶ የአንድን ሰው ዝንባሌ መተንበይ አይቻልም።

ይህን ካወቅህ በኋላ፥ ምርምር ዛሬ የሚለውን ነገ የሚያርም መሆኑን ተረዳ። ይህ ለምርምር ነውሩ አይደለም፤ ክብሩ ነው። ነገር ግን የሰው ደምና የሰው ክብር በየዓመቱ ከሚታረም ነገር ጋር ሊታሰር አይገባውም። በ1993 ምልክቱ ተገኘ ሲባል ሰው የሆነው፥ በ1999 ምልክቱ ጠፋ ሲባል ከሰውነት ይወርዳልን?

«ከተፈጥሮ የሆነ ነገር ሁሉ በሰዎች ዘንድ ይከበራል» ቢባል፥ እንዲህ እንመልሳለን፦ የቆዳ ቀለም ከተፈጥሮ መሆኑን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም፤ ይህም ጥቁሩን ሰው ከባርነት ሰንሰለት አላዳነውም። «ከተፈጥሮ ያልሆነ ነገር መብት አይሰጥም» ቢባል ደግሞ፥ ሃይማኖት በደም ውስጥ የሚገኝ ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ሰው ያምናል፥ ይቀበላልም። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች በአክሱም ትምህርት ቤቶች በመከልከላቸው ሙስሊሞች በመቀሌ ጎዳናዎች ለአቤቱታ በወጡ ጊዜ፥ «ለእምነታችሁ የሚሆን ዘረ መል ይገኝላችሁ» ያላቸው ዳኛ አልነበረም። የጠየቁትም በሰውነታቸውና በዜግነታቸው የሚገባቸውን ነው። ስለ ራሳችን መብት ስንከራከር የማንጠየቀውን ምስክር ከሌላው ሰው ብንጠይቅ፥ በሁለት ሚዛን እንደሚሸጥ ነጋዴ ሆንን። ለወዳጅ የሚሞላ፥ ለማይወደው ሰው የሚያጎድል ነጋዴ በአላህ ዘንድ ወዮለት!

«ታዲያ ሃይማኖታችን ስለ ነገሩ ዝም ብሏልን?» ቢባል፥ አላለም እንላለን። የአራቱ መዝሀቦች ሊቃውንት ድርጊቱ ክልክል መሆኑን ተናግረዋል፤ የነቢዩ ሉጥም ታሪክ የታወቀ ነው። ነገር ግን እነዚያው ሊቃውንት ልብ ላይ በሚያልፈውና እጅ በሚሠራው መካከል ለይተዋል፤ ሰው ካልተናገረው ወይም ካልሠራው በቀር ነፍሱ ስላንሾካሾከችለት ነገር አይጠየቅምና። ኢማም አንነወዊም በሶሒሕ ሙስሊም ትንታኔያቸው፥ በአካሄዱና በአነጋገሩ ሴትን የሚመስለውን ወንድ ሁለት ዓይነት ነው ብለዋል፤ አንዱ እንደዚያ ሆኖ የተፈጠረ፥ ሁለተኛው ሆን ብሎ የሚያስመስል ነው። በፊተኛው ላይ ወቀሳም ቅጣትም እንደሌለበት ጽፈዋል። የጾታው ምልክት ያልተለየውንም ሰው ሊቃውንቱ ከውርስ አላወጡትም፤ ድርሻውን በጥንቃቄ አሰሉለት እንጂ። ይህ ሁሉ የተባለው የዘረ መል ምርመራ ከመታወቁ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሃይማኖታችን የሰውን ነውር መከታተልን፥ ማማትንና መሳለቅን ከልክሏል፤ በዝሙትም ሰውን የሚከስ አራት ምስክር ካላቀረበ ራሱ እንዲቀጣ አዝዟል። ኸሊፋ ዑመር (አላህ መልካም ሥራቸውን ይውደድላቸው) በመዲና ሌሊት ሲዘዋወሩ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰምተው በአጥር ዘለው ቢገቡ፥ ሰውየውን ከመጠጥ ጋር እንዳገኙት ይተረካል። ሰውየውም እርሱ በአንድ ነገር ሲያጠፋ እርሳቸው በሦስት ማጥፋታቸውን ነገራቸው፤ ሰልለዋል፥ በበር አልገቡም፥ ፈቃድም አልጠየቁም። ዑመርም አምነው ትተውት ወጡ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600፥ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 ግብረ ሰዶምን ይቀጣሉ። በልጆች ላይ የሚፈጸመውን በደል ሕጉ ለብቻው አንቀጽ አውጥቶለት ከብዶ ይቀጣዋል፤ ልጅን መጠበቅ በሁሉም ዘንድ ግዴታ ነውና። የአዋቂዎቹ ቅጣት ይጽና ወይስ ይሻር የሚለው ክርክር በገዛ ምክንያቱ የሚታይ ነው። ሕጉ ግን የሚቀጣው ድርጊትን እንጂ ዝንባሌን አይደለም፤ ቅጣቱንም ለፍርድ ቤት እንጂ ለመንገደኛ አልሰጠም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፥ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበሩን ደንግጓል።

ይህ ተጽፎ ሳለ፥ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ ይህ ድርጊት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና ማረፊያ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ። በዚያው ወራት በቲክቶክ የሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እየወጣ ይደብደቡ የሚል ጥሪ ተሰማ። አንባቢ ሆይ! ከነዚያ ፎቶግራፎች መካከል ምንም ያልሠራ ሰው እንደሌለ ማን ይምልልሃል? ጠላቱን ወይም የገበያ ተፎካካሪውን ሊያጠፋ የሚሻ ሰው ከዚህ የቀለለ መሣሪያ ያገኛልን? ዛሬ በሌላው ስም ላይ ዝም ያልነው ወሬ ነገ በልጃችን ስም ይመጣል።

«ምርምሩ ሚዛን ካልሆነ ምን ይጠቅማል?» ቢባል፥ የሐሰትን ወሬ ያስወግዳል እንላለን። አንድ አባት የልጁን ምስጢር ቢያውቅና በዱላ ወይም በማባረር ሊያስተካክለው ቢያስብ፥ ይህን ይስማ። ሮበርት ስፒትዘር የተባለ ስመ ጥር አሜሪካዊ ሐኪም ዝንባሌን መለወጥ እንደሚቻል የሚያሳይ ጥናት በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ነበር፤ በ2012 ግን ጥናቱ ስሕተት መሆኑን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። እንግዲያስ አንተ አባት ሆይ፥ ልጅህን በሃይማኖትህ ምከረው፥ ዱዓም አድርግለት፤ ከቤትህ ግን አታውጣው። ከአባቱ ደጅ የተባረረ ልጅ ወዴት ይሄዳል? የሚቀበለውስ ማን ነው?

ከመቀሌ በስተ ሰሜን፥ ከውቅሮ አጠገብ ነጋሽ አለች። በ615 እ.ኤ.አ. የነቢዩ ባልደረቦች ወደዚች ምድር ተሰደው ሲመጡ፥ የመካ ሹማምንት ስጦታ አስይዘው መልክተኞች ላኩባቸው። ንጉሡም ስጦታውን አይቶ አልፈረደም፤ የተከሰሱትን ሳይሰማ አሳልፎ እንደማይሰጥ ተናገረ፤ ጃዕፈርን ሰማ፥ ስጦታውንም መለሰ። እምነታቸው በዚያን ቀን የእርሱ እምነት አልነበረም፤ ስደተኞች ነበሩና ጠበቃቸው፥ ተከሳሾች ነበሩና አደመጣቸው። እኛ የዚያ ጥበቃ ልጆች ነን። የተቀበልነውን ሚዛን ለማንወደው ሰው ብናጣምመው፥ ነጋሽን እየዘየርን የንጉሡን ፍርድ ረሳን ማለት ነው።

አላህ ለሚወዱትም ለማይወዱትም በትክክል ከሚመዝኑት ያድርገን። አሚን።