ለልቅሶ ቤት ካርታ ያስፈልጋል?

ሐዘንን ከአስር የሚያርም ሰው አለ። አልቀለድኩም። ፒተር ሆኸንሃውስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው አትላስ፣ በዓለም ዙሪያ ሞትና መከራ ያለፈባቸውን ሦስት መቶ ያህል ቦታዎች ሰብስቦ ለተጓዥ አቅርቧል፦ የጅምላ መቃብር፣ የማጎሪያ ካምፕ፣ የፈነዳ የኒውክሌር ጣቢያ፣ የተዘጋ እስር ቤት። በድረ ገጹ ደግሞ እያንዳንዱ ቦታ ምን ያህል «ጨለማ» እንደሆነ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ብቻውን አይደለም። ዴኒስ ዊሊያም ሃውክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባወጣው ማውጫ፣ መንፈስ ይታይባቸዋል የሚባሉ ከ2,000 በላይ የአገሩን ቦታዎች በየግዛቱ ደርድሯል። ነገሩ በዩኒቨርሲቲም ስም ወጥቶለታል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ጆን ሌነንና ማልኮም ፎሊ የተባሉ ምሁራን (ሌነን ዘፋኙ አይደለም) «ዳርክ ቱሪዝም» አሉት።

እነዚህን መጻሕፍት ማጣጣል ቀላል ነው። «በሰው ሞት ሽርሽር!» ብሎ አፍንጫን ነፍቶ ማለፍ ይቻላል። እኔም እንደዚያ ባደርግ ደስ ባለኝ። ግን ውጭ አገር ተወልዳ ያደገች የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ሰላም ሲወርድ ወሎ መጥቼ የሰባ ሰባት ሙታን የተቀበሩበትን ቦታ ማየት እፈልጋለሁ። የት ልሂድ?»

በ1977ቱ ድርቅ እናቴና አክስቴ ታናሽ ወንድማቸውን አጥተዋል። ለእኔም ለእሷም አጎታችን ነው፤ ሲሞት አራት ዓመቱ ነበር። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ ምን ልበላት? ቱሪስት ናት ወይስ ለቀስተኛ? እናቴን መቃብሩ የት እንደሆነ ጠየቅኳት። «እዚሁ መርሳ አካባቢ ነው» አለችኝ። «ያኔ ማን ማንን ለይቶ ይቀብር ነበር ልጄ?» ከወልድያ በሲሪንቃ በኩል መርሳ የሚወስደውን መንገድ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ። እዚህ እነ እንትና አርፈዋል የሚል ድንጋይ ዓይኔ ገብቶ አያውቅም። በሰው ሞት ሽርሽር የሚሄደውን ከመውቀሴ በፊት እኛ ራሳችን የምንሄድበት ቦታ የሌለን መሆናችን ያሳስበኛል።

ለሚያስፈራ ቦታ ዕውቀት አጥተን አይደለም። ሐብሩ ውስጥ ያደገ ሰው የትኛው ዋርካ ሥር በቀትር እንደማይተኛ፣ የትኛው ወንዝ በምሽት ብቻውን እንደማይሻገር ያውቃል። ሙቅ ውሃ መሬት ላይ ሲደፋ አንዱ «ቢስሚላህ»፣ ሌላው «በስመ አብ» ይላል፤ እዚያ የማይታይ ነገር ቢኖር እንዳይቃጠል። በጅን ማመን አለማመን የየራሳችሁ ጉዳይ ነው። እኔን የሚገርመኝ ዕውቀቱ የተያዘበት መንገድ ነው። የአሜሪካኑ ማውጫ እንዴት እንደምትደርስ ይነግርሃል። የእኛ አያቶች የነገሩን ግን ስንደርስ ምን እንደምንል ነው። ቦታው ባለቤት አለው፣ ስታልፍ ድምፅህን አሰማ፣ አስፈቅድ። አቅጣጫ የለውም፤ ሥርዓት ብቻ ነው።

ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ እዚሁ ሰሜን ወሎ አለ። ከላሊበላ ወጣ ብሎ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ እንጨትና ነጭ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ፣ በዛጉዌ ዘመን ከላሊበላ በፊት በነገሠው ንጉሥ ስም የሚጠራ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ጨለማው ውስጥ፣ የብዙ ሰዎች አፅምና የደረቀ አስከሬን አለ። በትውፊት ከሩቅ አገር መጥተው እዚያ ያረፉ ምእመናን ናቸው ይባላል። የውጭ የጉዞ መጻሕፍትም ይጠቅሱታል። ያየው ተጓዥ ይደነግጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይወጣል። የቦታው ካህናት ግን አፅሙን የሚያዩት እንደ እንግዳ ነው፤ መጥቶ እንዳልተመለሰ እንግዳ። ያው አፅም ለአንዱ ትዕይንት ነው፣ ለሌላው አደራ። የሚለያቸው ማን ከማን ጋር እየኖረ እንደሆነ ነው።

ታዲያ «አትዩ» ልበል? አልችልም፤ የወሎ ታሪክ አይፈቅድልኝም። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ባያቀርበው ኖሮ፣ የተደበቀው እልቂት ተደብቆ ይቆይ ነበር። ያ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ተደባልቆ ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት፣ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የቀረጸው ምስል፣ በማይክል በርክ ዘገባ በቢቢሲ ተላልፎ ዓለምን አንቀሳቀሰ። በሁለቱም ጊዜ ያዳነው ዓይን የባዕድ ዓይን ነው። የከፋው ጥፋት የነበረው «ገጽታችን እንዳይበላሽ» ብሎ መጋረጃ የጋረደው ጋ ነው።

ግን እነዚያ ሰዎች የመጡት ነገሩ እንዲቆም ነው። የጉዞ መጽሐፍ አንባቢ የሚመጣው ነገሩ ስለቆመ ነው። ይሄ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። ሞት ሲያልቅ፣ አጥሩ ሲታጠር፣ ቲኬት ሲቆረጥ፣ ያኔ ቦታው «መዳረሻ» ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውሽቪትስ ሙዚየም፣ ሰዎች ወደ ሞት በተጓዙበት ሐዲድ ላይ ሚዛን እየጠበቁ ፎቶ አትነሱ ብሎ ጎብኚዎችን መለመን ነበረበት። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይመስለኝም። ማንም ልቅሶ ቤት መግባታቸውን አልነገራቸውም፤ እነሱ የያዙት ፕሮግራም ነው።

አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሌላ ነገር ያሳየናል። እዚያም የራስ ቅል አለ፣ ከጅምላ መቃብር የወጣ ልብስ አለ። ነገር ግን ጎብኚን ካስጎበኙት ሰዎች መካከል ራሳቸው ታስረው የተገረፉ ነበሩ። ግድግዳው ላይ የተደረደረው ፎቶ የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ እናት መጥታ «ይሄ የኔ ነው» ልትል ትችላለች። ባዕድ ቢመጣ ይገባል፤ ግን የሚገባው ሰው ቤት ነው። ባለቤቱ በር ላይ ቆሟል።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበት ነው። የልቅሶ ሥርዓታችን ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው ብዬ አምናለሁ። ቀብር ላይ ያልደረሰ ሰው ከወርም፣ ከዓመትም በኋላ ይመጣል፤ «ጊዜው አልፏል» የሚለው የለም። መንገድ ላይ ሬሳ የገጠመው መንገደኛም፣ የማንም ይሁን የማን፣ ቆም ብሎ ጥቂት እርምጃ ይሸኛል። ስለዚህ ባዕድ መሆን አይከለክልም፤ ዘግይቶ መምጣትም አይከለክልም። የሚጠበቅብህ መቀመጥ ነው። ማን እንደሞተ ጠይቀህ፣ ስሙን ሰምተህ፣ «ያጥናችሁ» ብለህ፣ ከቻልክ እዝን ይዘህ። የአክስቴ ልጅም በዚህ ሥርዓት ለቀስተኛ ናት። አርባ ዓመት የዘገየች ለቀስተኛ።

እስቲ ያን መጽሐፍ እኛ እንጻፈው እንበል። የወልድያና የመርሳው ገጽ ምን ይኖረዋል?

ነጥብ አይኖረውም። ይሄ ከድርድር ውጭ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ረሃብ ስንት ከስንት ነው?

መቃብር ከመጠቆሙ በፊት ሰው ይጠቁማል። መርሳ ስትደርስ መጀመሪያ የምታገኘው የቅሬ ሽማግሌ ነው፤ ቦታውን የሚያሳዩህ እሳቸው ናቸው፣ የማይታየውንም «ይቅር» የሚሉህ እሳቸው ናቸው። ካሜራው ከቡናው በኋላ ይወጣል፤ ቡናው ላይ ከተሰማው በኋላ ባይወጣም አይገርምም።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ በእነዚህ ከተሞች ስላለፈበት ጊዜ ገና ምንም አይጻፍ። ያ ሐዘን ማቁን አላወለቀም። መዝግቡ፣ መስክሩ፣ ፍትሕ ጠይቁ፤ ለጎብኚ ግን አትክፈቱት።

ጃራም ገጹ ላይ አይገባም። በድርቁ ዘመን መንግሥት ከወሎ ብዙ ሺህ ሰው እየጫነ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ አሰፈረ። ዛሬ ሐብሩ ውስጥ በጃራ መጠለያ ካሉት ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች መካከል የእነዚያ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አሉ። አያት ከሞት ሸሽቶ ሄደ፤ የልጅ ልጅ ከሞት ሸሽቶ ተመለሰ። ለመጽሐፍ ይሄ «ታሪክ» ነው፣ ያውም አንባቢ የሚያስነባ። ጃራ ያለው ሰው ግን ሕያው ነው፤ የሚፈልገው እህል፣ መድኃኒትና የሚገባበት ቤት ነው። እንደ ዲምብልቢ ነገሩ እንዲቆም የምትሄድ ከሆነ ሂድ። ለማየት ብቻ ከሆነ ቅር።

የገጹ ሦስት አራተኛ ግን ባዶ መስመር ነው፤ ስም የሚጻፍበት። በሰባ ሰባት ማን ሞተ፣ የማን ልጅ ነበር፣ በየት በኩል ተቀበረ። የሞት ቦታ መጽሐፍ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ውስጡ ሙት ላለው ሰው ነው። እሱ መንገዱን ካገኘ እንግዳው ተከትሎት ይገባል፤ ወግ ባለው መንገድ። እንግዳው ቀድሞ ከገባ ግን ባለቤቱም በገዛ ልቅሶው ጎብኚ ይሆናል።

ለዚህ ደግሞ ጊዜ የለንም። በ1977 ሰላሳ ዓመት የሞላው ሰው አሁን ከሰባ አልፏል። መስመሩን ሊሞሉልን የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ወሎ ቤተሰብ ያላችሁ፣ አያትም አክስትም የቀረቻችሁ፣ ዛሬ ማታ ደውሉ። ስለ ኑሮና ስለ ዋጋ ካወራችሁ በኋላ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ያኔ ከእኛ ማን ማን ነበር የሞተው?» መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ስልኩን አትዝጉ።