የማይታረዱ በጎች

መንዝ ውስጥ በግ ተሽጦ ይለበስበታል፣ 55ቱ የጾም ቀናት ሲያልቁም ለፋሲካ ይታረዳል። የእኔ አራት በጎች ግን ለገበያም ለቢላዋም አይደሉም። ትልቋ ጥርሷ ስላለቀ ድርቆሹን በማጭድ አድቅቄ፣ ገብስ ክክ ነስንሼ አቀርብላታለሁ፤ ላቷ ሟሟል፣ ዓይኗ ግን ንቁ ነው።

«ለሰው የተፈጠረን እንስሳ እንዲሁ መቀለብ አምላክን መፈታተን አይሆንም?» ይሉኛል እትዬ ጎረቤቴ። ከባድ ጥያቄ ነው፤ በበጋ ድርቆሽ ለሁሉም ብርቅ ነው። ሆኖም በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረውን ድሃ አስባለሁ። አንዲት በግ ነበረችው፤ ከገዛ ማዕዱ አካፍሎ እንደ ልጁ አሳደጋት። አንድ ባለጸጋ ነጥቆ እንዳረዳት ሲሰማ ዳዊት ነደደ እንጂ «ምን ትጠቅመው ነበር?» አላለም። ያ ድሃ ካልተወቀሰ እኔ በምን እወቀሳለሁ?