በጎ ፈቃድ እስከ ክፍሉ በር

«በጎ ፈቃድ» የሚለው አባባል ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ በጎነትና ፈቃድ። ስለ በጎነቱ ሁላችንም እናወራለን። ስለ ፈቃዱ ግን ብዙም አንነጋገርም። ፈቃድ ማለት ደስ ሲለኝ እመጣለሁ፣ ካልተመቸኝ እቀራለሁ ማለት ነው። ደመወዝ የለም፣ ውል የለም፣ «ለምን ቀረህ?» የሚል አለቃም የለም። ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ ልጅ ማስተማርን የመሰለ ሥራ እንደዚህ ባለ ነፃነት ሊሠራ ይችላል ወይ?

ጥያቄው ለኔ የሻይ ሰዓት ጨዋታ አይደለም። ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ እውላለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በቅርቡ ከአሁኑ የተሻለ ደመወዝ ያለው ሥራ ቀረበልኝ። ቅዳሜንም ይጨምራል፤ ወዲያው ጀምር ብለውኛል። ልጆቹ ከተማ አቀፍ ፈተና የሚወስዱት ሰኔ ላይ ነው፣ አሁን ገና የካቲት ነው። ምን ዕዳ አለብኝ? በሕግ ካያችሁት ምንም የለብኝም።

ሰፈሩን ለማታውቁት ትንሽ ልንገራችሁ። የካ ክፍለ ከተማ ታች መገናኛ ላይ ፎቅ፣ ባቡርና የታክሲ ሰልፍ ነው። ወደ ላይ ስትወጡ አስፋልቱ ይቀጥንና ባህር ዛፉ ይጀምራል። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን ያልፋል፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። በዚያ ሰዓት ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች ታገኛላችሁ። ከማስጠናቸው ልጆች አንዳንዶቹ የእነሱ ልጆች ናቸው። ከተማው ውስጥ ሆኖ ገጠር የሆነ ቦታ ነው።

እዚያ ቤት ውስጥ ቅዳሜ የዕረፍት ቀን አይደለም። ውኃ ይቀዳል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ታናናሾች ይጠበቃሉ። አንዲት ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ደብተር ይዛ መጣች ማለት እናትየዋ የሁለት ሰዓት ጉልበት ለቀቀችላት ማለት ነው። እኔ ብቀር ለኔ አንድ የቀረ ቅዳሜ ነው። ለልጅቷ ግን ቤት ስትመለስ «ታዲያ ምን ተማርሽ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቃታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ፈቃዱ ይነሳል። እዚህ ቤት ውስጥ የሰጠሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እነሱም ከሌላቸው ላይ ሰጥተዋል። ዕዳው የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል። በኔ መምጣት ተማምኖ ሌላ ሰው የራሱን ነገር ሲተው፣ መምጣቴ የኔ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

ፈላስፋው ካንት በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ያለ ምንም ገደብ መልካም ሊባል የሚችለው በጎ ፈቃድ ብቻ ነው ብሎ ተከራክሯል። እሱ ያለው በጎ ፈቃድ ግን ደስ ሲል የሚመጣውን አይደለም። ለሱ በጎ ፈቃድ የሚታወቀው ደስ ባይለኝም ግዴታዬ ስለሆነ ሳደርገው ነው። እኛ ቲሸርት ላይ የምንጽፈው ቃልና የካንት ቃል ስማቸው እንጂ ትርጉማቸው አይገናኝም።

አገራችን ሁለቱንም መንገድ ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 280 የሚሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመሩ። በፈቃዳቸው የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ የቆይታቸውም ጊዜ ሁለት ዓመት ተብሎ የተቆረጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ከመያዛቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደነገገ። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነው። ይሄኛው ግዴታ ነበር።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። ደርግ ዩኒቨርሲቲውንና የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ትምህርትን አቋርጦ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አሰማራ። ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምሩ የተላኩ ልጆች፣ የካቲት ላይ የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ከባለመሬትና ከሹም ጋር ተፋጠጡ። የሞቱ አሉ፣ ጥለው የሸሹ አሉ። ስለዚህ «ግዴታ ይሁንና ይለይለት» የሚል መልስ አይዋጥልኝም። መንግሥት አስገድዶ የላከው አስተማሪ፣ ያስገደደውን መንግሥት ፖለቲካም ተሸክሞ ነው የሚገባው።

ከነዚህ ታሪኮች ውስጥ ለኔ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የሰላም ጓዱ ሁለት ዓመት ይቆያል፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አንድ ዓመት። ልጁም፣ ወላጁም፣ ርእሰ መምህሩም ቀኑን ያውቁታል። አንዱ በፈቃድ ሌላው በግድ ቢመጣም፣ ለተማሪው ሁለቱም እስከተባለው ቀን ድረስ የሚገኙ ሰዎች ነበሩ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም የሄደው በዙር ነው፤ አንዱ ዙር ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የተሰጠ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ስለ ሥርዓቱ ያላችሁ አስተያየት ምንም ይሁን፣ አንዱ አስተማሪ ሲሄድ ማን ይተካዋል የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ታስቦበታል።

የድሮውን የቄስ ትምህርት ቤት ደግሞ አስቡት። የቆሎ ተማሪ አገር ለአገር ይዞራል፤ የኔታ ግን ካሉበት አይነቃነቁም። ከሀሁ እስከ ዳዊት ድረስ ልጁ ያደገው አንድ ቦታ ተቀምጠው በሚጠብቁት ሰው ፊት ነው። ዛሬ ገልብጠነዋል። ተማሪው እዚያው ዳገቱ ላይ ነው፤ የሚዞረው አስተማሪው ነው። መዞሩ በራሱ ጥፋት አይደለም። ተቀምጦ የሚጠብቀው ልጅ ግን መቼ እንደምንሄድ የማወቅ መብት አለው።

ኢቫን ኢሊች የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ውስጥ ለአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ንግግር አድርጎ ነበር። ለማየት ኑ፣ ለመማር ኑ፣ ለመርዳት ብላችሁ ግን አትምጡ ነበር መልእክቱ። ግማሹን እቀበለዋለሁ። ከልጆቹ ጋር የምንነሳው ፎቶ ለማን እንደሚጠቅም እናውቃለን። እኛ በወር አራት ቀን ሄደን «ተባረኩ» እንባላለን፤ በየቀኑ እዚያ ዳገት ወጥቶ ስድስት ክፍለ ጊዜ የሚያስተምረውን መምህር ፎቶ የሚያነሳው የለም። እንግዳ ሆነን በጭብጨባ ስንገባ፣ ሰኞ የሚመጣውን ሰው በልጆቹ ዓይን እንዳናሳንሰው መጠንቀቅ አለብን። «አትምጡ» የሚለውን ግን አልቀበልም። ከታች ሰፈር ያለ ሰው፣ የልጆቹን ቋንቋ የሚናገር፣ በታክሲ ደርሶ የሚመለስ ሰው እንግዳ ሆኖ የመቅረት ሰበብ የለውም።

የሒሳብ መምህሩ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ዲግሪዬ አልነበረም። «እስከ መቼ ነህ?» ነው ያሉኝ። «እስከ ሰኔ» አልኳቸው። ዘንድሮም መስከረም ላይ ደግመው ጠየቁኝ፤ መልሴ ያው ነበር። ውል ከተባለ ያለን ውል ይሄ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንዳንዱ «እንደዚህ ካጠበቅከውማ ማን ይመጣል?» ይላል። ምናልባት ጥቂት ሰው ይመጣል። ግን ቃል የማይጠይቅ በጎ ሥራ ሞልቷል። ደም ስትሰጡ፣ ደሙ የደረሰው ሰው በሳምንቱ በር ላይ ቆሞ አይጠብቃችሁም። የአንድን አሮጊት ቤት ጣሪያ ስትቀይሩ፣ ቆርቆሮው ተመቶ ሲያልቅ ሥራው አለቀ። የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርትም ሐቀኛ ነው፤ ነሐሴ ሲያልቅ እንደሚያልቅ ሁሉም ያውቃል። ችግር ያለው መጨረሻው ሳይነገር ተጀምሮ፣ ሳይነገር የሚቆመው ነው።

ሌላው ክርክር ከበድ ይላል። ሰው ይታመማል፣ ሥራ ይለውጣል፣ ቪዛ ይመጣለታል። በኛ ዕድሜ ስንቱን ጓደኛ ቦሌ ሸኝተናል? እውነት ነው፣ ቃል ከምንም በላይ አይደለም። የእናቴ የቤት ኪራይ የሚከፈለው በአዲሱ ደመወዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገ ሥራውን እጀምር ነበር፤ አላፍርም። የኔ ምርጫ ግን በደህና ደመወዝና በተሻለ ደመወዝ መካከል ነው። እንዲህ ላለ ልዩነት ሲባል የሚፈርስ ቃል መጀመሪያውኑ ቃል አልነበረም።

መሄድ ግድ ሲሆን ደግሞ ርክክብ የሚባል ነገር አለ። በኛ ሙያ ሥራ የሚለቅ ሰው የጻፈውን ኮድ ለሚተካው አስረድቶ፣ የት ጋ ምን እንደሚበላሽ ነግሮት ይወጣል። ለሰርቨር የምናደርገውን ለልጅ የማናደርግበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ አንድ ደብተር አለኝ፤ ማን ክፍልፋይ ላይ እንደቆመ፣ ማን ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች እንደሚያምታቱት፣ ማን ገብቶት ሳለ እጁን ለማውጣት እንደሚያፍር ተጽፎበታል። ነገ ባልመጣ መምህሩ ወይም የሚተካኝ ሰው ከዚያ ይቀጥላል። የሚተካኝንም ሰው ከመሄዴ በፊት ይዤው ሄጄ ከልጆቹ ጋር ማስተዋወቅ አለብኝ፤ በስልክ ቁጥር ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም።

ለቀጣሪዎቹ «ቅዳሜ ከሐምሌ ጀምሮ ይሁንልኝ» ብዬ ጻፍኩላቸው። እናስብበታለን አሉ። ሥራው ሊያመልጠኝ ይችላል፤ ካመለጠኝ ይቆጨኛል፣ አልዋሽም። ልጆቹ ስለዚህ ጉዳይ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ማወቅም የለባቸውም። የራሴን ቃል ስለጠበቅኩ ምስጋና ልጠብቅባቸው አልችልም።

በፈቃዴ ነው ዳገቱን የወጣሁት፤ ፈቃዱ ግን ክፍሉ በር ላይ ያበቃል። እናንተም ወደ አንድ ትምህርት ቤት ለመውጣት እያሰባችሁ ከሆነ ውጡ፣ ሰው ያስፈልጋል። ብቻ መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ። ለመምህሩ ንገሩት፣ ለልጆቹም ንገሯቸው፣ ካስፈለገም ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፉት። የኔ ሰኔ ነው።