ተበዳይ እንጂ በዳይ የሌለው በደል

እንግሊዛዊው ዘፋኝ ጆርጅ ማይክል «ፌይዝ» የተሰኘውን የመጀመሪያ የብቻ አልበሙን በ1987 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ ሲያወጣ፣ «ዋም!» ከተባለው የቀድሞ ባንዱ ይዞት የወጣው ዝና የጎረምሶች ፖፕ ዝና ነበር። አልበሙ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ በ1989 የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ወሰደ። እስከዚህ ድረስ ብዙም ያጨቃጨቀ ነገር የለም። ጭቅጭቁን ያመጣው ሌላ ነው። በ1988 አልበሙ ቢልቦርድ መጽሔት የጥቁሮችን ሙዚቃ በሚለካበት ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ ለነጭ ብቸኛ ዘፋኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በ1989 መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካን ሚውዚክ አዋርድስ፣ ከፖፑ ሽልማት ሌላ፣ የሶልና የአር ኤንድ ቢ ምርጥ ወንድ ዘፋኝ ተባለ፤ የዘርፉን ምርጥ አልበም ሽልማትም ጨመረበት። ግላዲስ ናይትን የመሳሰሉ አንጋፋ ጥቁር ድምፃውያን ቅሬታቸውን በአደባባይ ተናገሩ። አንዱ ወገን «ሰረቀን» ይላል፤ ሌላው «ሙዚቃ ቀለም የለውም» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም የሚሳሳቱት በአንድ መንገድ ይመስለኛል፤ በደል ካለ የግድ በዳይ መኖር አለበት ብለው ይነሳሉ። የመጀመሪያው በደሉን አይቶ ሌባ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ሌባ ስላጣ በደሉን ይክዳል።

ስርቆት ነው ለሚለው ከዚሁ አልበም «ዋን ሞር ትራይ»ን ማድመጥ ይበቃል። ዜማው ዝግ ያለ ነው፤ ከሥሩ ኦርጋን መሰል ድምፅ ተነጥፎለታል፤ ዘፋኙ ደግሞ ወደ ስድስት ደቂቃ በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ለመጮህ አይቸኩልም። የዘፈኑ መጠሪያ የሆኑት ቃላት እንኳ የሚሰሙት ወደ መጨረሻው ነው፤ አድማጭ እስከዚያ ድረስ ይጠብቃል። ይህ ትዕግሥት ከጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን የመጣ የአዘማመር ጥበብ ነው፤ የለንደኑ ልጅ፣ የቆጵሮስ ግሪካዊ አባት ልጅ፣ ጥበቡን ተምሮታል። አንጀት መብላትን መማር ደግሞ ማስመሰል አይደለም፤ የጥቁር ዘፋኝም ልጅ ቢሆን ይማረዋል እንጂ ከነደሙ አይወርሰውም። የተማረው ሰው ከአስተማሪው ላይ የቀነሰው ነገርም የለም፤ ጥቁሯ የሶል ድምፃዊት አሬታ ፍራንክሊን በ1987 አብራው ስትዘፍን ድምጿ አልጎደለባትም።

ታዲያ በደሉ የት ላይ ነው? ከጉሮሮው ይልቅ መዝገቡ ላይ መፈለግ ያለብን ይመስለኛል። የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን በጊታር የሚመታው ምት ጥቁር አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ቦ ዲድሊ በ1950ዎቹ ያስተዋወቀውና በስሙ የሚጠራ ምት ነው። የቅጂ መብት ግጥምንና ዜማን ይጠብቃል፤ ምትን ግን ብቻውን አይጠብቅም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንድ ማኅበረሰብ ዋና ሀብቱ ምትና አዘፋፈን ከሆነ፣ ሕጉ ማንንም ሳያስቀይም ባዶ እጁን ይሰደዋል። በ1956 ነጩ ዘፋኝ ፓት ቡን የጥቁሩን ዘፋኝ የሊትል ሪቻርድን «ቱቲ ፍሩቲ» እንደገና ዘፍኖ በቢልቦርድ የፖፕ ሰንጠረዥ ከባለቤቱ በላይ ሲወጣ ደግሞ ያዳላው ሕጉ ሳይሆን ገበያው ነበር፤ ነጭ አድማጭ ያለው ሬዲዮ የመረጠው ቡንን ነበር። የጥቁር ሙዚቃ ሰንጠረዥና ሽልማት ለብቻው የቆመው ዋናው በር፣ ማለትም የፖፕ ገበያው፣ እንዲህ ጠባብ ስለነበረ ነው። ዋናው በር የተከፈተለት ሰው በጎኑም በር ሲገባ በሁለት ቢላ በላ ይባላል። ቢላውን ግን ጆርጅ ማይክል አላነሳውም፤ የአሜሪካን ሚውዚክ አዋርድስ አሸናፊ የሚለየው ከሕዝብ በሚሰበሰብ ድምፅ ነውና፣ ወቀሳውን የሚሸከም ዳኛ እንኳ የለም።

«አልበሙን አንደኛ ያደረጉት ጥቁር አድማጮች ራሳቸው ናቸው፤ እነሱ ከመረጡት ሌላው ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። አድማጮቹ የፈረዱት ግን ስለ ዘፈኑ ነው፤ ፍርዳቸውም ትክክል ነበር። በሁለቱ በሮች መካከል ስላለው አለመመጣጠን ማንም አልጠየቃቸውም። ማይክል ጃክሰንና ዊትኒ ሂውስተን ያኔ በዋናው በር ገብተው የለም ወይ ቢባልም፣ ዊትኒ ለመግባት የከፈለችውን ዋጋ ማየት ነው። ኒውአርክ ውስጥ በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እየዘመረች ያደገች ናት። በዚያው በ1989 ግን የጥቁር ሙዚቃን በሚያከብረው የሶል ትሬይን ሽልማት ላይ ስሟ በእጩነት ሲጠራ ከታዳሚው መካከል ተጮኸባት፤ ፖፕ አበዛች፣ ለነጮች ዘፈነች ተብላ። ጆርጅ ማይክል ከፖፕ ወደ ሶል ሲሻገር ሁለተኛ ቤት ተጨመረለት፤ እሷ ከሶል ወደ ፖፕ ስትሻገር የገዛ ቤቷ አኮረፋት። የሁለቱ ድምፅ ችሎታ ይህን ልዩነት አያብራራውም።

ጆርጅ ማይክል በ1990 ያወጣውን ቀጣይ አልበም ያለ ጭፍን ጥላቻ እንድናደምጠው በርዕሱ ጠየቀ፤ በቪዲዮዎቹም ላይ አልታይም አለ፤ «ፍሪደም! 90» ላይ ሞዴሎች በድምፁ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ እናያለን። ይህን ያደረገው ከታዋቂነቱ ለመሸሽ እንጂ ለዚህ ክርክር መልስ ለመስጠት አልነበረም። ቢሆንም ፊቱን የደበቀው ራሱ ወስኖ ነው፤ በ1950ዎቹ የጥቁር ዘፋኞች ሸክላ በነጭ ሰዎች ሥዕል ተሸፍኖ ለገበያ ሲቀርብ ግን ውሳኔው የዘፋኞቹ አልነበረም።