የቁስለኛው አቤቱታና የዳኛው ሕሊና

ስለ አገር ሲዋጋ አካሉ የጎደለ ወታደር የጉዳት ጡረታ በሚጠይቅበት ጊዜ፥ የሚጠይቀው ምጽዋት ነውን ወይስ ዕዳ? ማስረጃውስ በታጣ ጊዜ ጥርጣሬው በማን ላይ ይውደቅ? ይህ ነገር ለዳኞች ብቻ የተተወ አይደለም፤ ለካህናትም ለምእመናንም የሕሊና ጥያቄ ነው።

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ፥ ከቅዳሴ በኋላ አንድ በምርኩዝ የሚሄድ የቀድሞ ወታደር ወደ እኛ ቀረበ። የጉዳት ጡረታ ጠይቆ፥ ጉዳቱ በግዳጅ ላይ ለመድረሱ ከጦር ክፍሉ መዝገብ አልተገኘም ተብሎ ተመልሷል፤ ይግባኝም ብሏል። «አባቴ፥ ስቆስል እንዳዩ አድርገው ይጻፉልኝ» ሲል ለመነን። እግሩን እናውቃለን፤ የቆሰለበትን ሜዳ ግን አላየንም። በየትኛው ዘመቻ እንደ ቆሰለ መናገር አያስፈልገንም፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው፥ በ1970 ዓ.ም. በካራማራ የተሰለፈው፥ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድሜ የወደቀው፥ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የቆሰለው፥ የሁሉም ሕመም አንድ ነውና።

አስቀድመን የቃሉን ምሥጢር እንመልከት። ጡረታ መጦር ከሚለው የወጣ ነው። ልጅ እናቱን ሲጦር መጸወታት አይባልም፤ የጠባውን ጡትና የታዘለበትን ጀርባ አሰበ ይባላል እንጂ። ቅዱስ ዳዊትም በቦሦር ወንዝ ደክመው የቀሩትን 200 ሰዎች፥ ጓደኞቻቸው ከምርኮው ድርሻ ሊከለክሏቸው በወደዱ ጊዜ፥ የተዋጋውና በዕቃው ዘንድ የተቀመጠው እኩል እንዲካፈሉ ሥርዓት አደረገ (1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 30)። ደክሞ የቀረው እንኳ ድርሻው ካልተነፈገ፥ ቆስሎ የቀረው እንደ ምን ይነፈጋል? እንግዲህ አበሉ ዕዳ ነው። በአገራችንም የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 የመከላከያ ሠራዊትንና የፖሊስን አባላት አጠቃልሎ፥ በውሳኔ ቅር ለተሰኘ ሰው ይግባኝ ሰሚ ጉባኤን ደንግጓል፤ ይህም በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል።

ነገር ግን ዕዳ ነው ስላልን የጠየቀ ሁሉ ይከፈለው ማለታችን አይደለም። የጡረታው ገንዘብ የብዙ ሠራተኞች መዋጮ ነው፤ የሟች ሚስትና ልጆችም ከዚያው ይተዳደራሉ። በሐሰት የሚወስድ ሰው ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወሰደ ይምሰለው እንጂ፥ ከመበለቲቱ ሌማት ላይ ነው ያነሣው። ስለዚህ ዳኛ ማስረጃ መጠየቁ ጭካኔ ሳይሆን አደራ መጠበቅ ነው።

ይሁን እንጂ መዝገብ አለመገኘቱ ሌላ ነው፥ ሰውየው አለመቁሰሉ ሌላ ነው። መዝገቡን የሚጽፈውና የሚያኖረው የጦር ክፍሉ ነው እንጂ ወታደሩ አይደለም። በውጊያ መካከል ጸሐፊውም ይሞታል፥ ሣጥኑም ይቃጠላል፤ በ1983 ዓ.ም. እንደ ሆነውም ሠራዊቱ በሙሉ የሚበተንበት ጊዜ አለ። ባለዕዳው የውሉን ወረቀት ራሱ ይዞ ከጠፋበት በኋላ፥ ወረቀት የለህምና አልከፍልህም ቢል ማን ፍርድ ነው ይለዋል?

የሳኦል የልጅ ልጅ ሜምፊቦስቴ ሁለት እግሩ ሽባ ነበር። ዳዊት የአያቱን ርስት መልሶለት ከማዕዱ ያበላው ነበር። ንጉሡ ከአቤሴሎም ፊት በሸሸ ጊዜ ግን አገልጋዩ ሲባ ጌታውን ከዳተኛ አድርጎ ነገረበት፤ ንጉሡም ሽባውን ሳይሰማ ርስቱን ሁሉ ለሲባ ሰጠ። ሜምፊቦስቴ መጥቶ እንዳይከራከር የከለከለው ያው ሽባነቱ ነበር። ዛሬስ ስንቱ ቁስለኛ ደረጃ መውጣት ተስኖት፥ የመኪና ዋጋ አጥቶ የይግባኙ ቀን ያልፍበታል! በኋላ ንጉሡ ሲመለስ ጢሙን ሳያበጥር፥ ልብሱን ሳያጥብ በፊቱ ቆመ፤ ሰውነቱ ምስክሩ ነበር። ንጉሡ ግን ርስቱን ለሁለት ክፈሉት አለ (2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 9፥ 16 እና 19)። እኛ ከዚህ የምንማረው፥ የፊተኛውን ስሕተት ላለማፈር ሲባል በግማሽ የሚፈረድ ይግባኝ ሙሉ ፍርድ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ ይግባኝ ሰሚ ዳኛ የጎደለውን ወረቀት ብቻ አይቁጠር፤ ያለውን ጠባሳ፥ የሐኪሞችን ቃል፥ የጓድን ምስክርነት ይመርምር። ይህ ሁሉ ተስማምቶ የጦር ክፍሉ መዝገብ ብቻ ቢጎድል፥ ጥርጣሬው ለቁስለኛው ይሁን።

ወደ ወታደሩ ልመና እንመለስ። እንደማንጽፍለት በነገርነው ጊዜ፥ «እግዚአብሔር ያየውን እርስዎ ቢጽፉት ምን ኃጢአት አለው?» አለን። ቃሉ ልባችንን ወጋው። ሆኖም «ልጄ፥ እርሱ አይቷል፤ እኛ ግን አላየንም፤ አንድ የሐሰት ምስክር የተገኘ እንደ ሆነ ከአንተ በኋላ የሚመጣውን እውነተኛ ቁስለኛ የሚያምነው አይኖርም» አልነው። ያየነውን ብቻ ጻፍንለት፦ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደምናውቀው፥ መጀመሪያ ሲመጣም በዚያው ምርኩዝ እንደ ነበረ። ከእርሱ ጋር የዘመተ ጓድ በሌላ አጥቢያ እንዳለ ስለ ሰማን፥ ሰው ልከን አስፈለግነው፤ ተገኘም። ይህን እስከምንጽፍ ድረስ ውሳኔው አልተሰጠም።

ደብዳቤያችን ትንሽ ናት፤ ላትበቃው ትችላለች። ስለዚህ እውነትን ጠብቀናል ብለን ወንድማችንን በደጅ ትተነው ልንገባ አይገባንም። ጓዱን መፈለግ፥ በችሎቱ ቀን ደግፎ ማድረስ፥ ፍርዱ እስኪመጣ ቤቱን መጠየቅ የምእመናን ድርሻ ነው። በዳኛ ፊት አቤት የሚለው ድሀና በጸሎት አቤቱ የምንለው እኛ በአንድ ቃል እንጮኻለን። የእርሱን አቤቱታ ሳንሰማ የእኛ እንዲሰማልን በምን አፍ እንለምናለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።