ዝም የሚነቅዝበት ጊዜ

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። እህል ጎተራ ውስጥ ሲቆይ ይነቅዛል፤ ከአፍ ያልወጣ ቃል ግን ቢቆይም አይበላሽም፣ ባለቤቱንም ከጸጸት ያድናል ማለታቸው ነው። ለተቆጣ ሰው፣ ለሐሜተኛ፣ ለሽምግልና ለተቀመጠም እውነት ነው። እነዚህ ሁሉ ዝም የሚሉት መናገር እየቻሉ ነውና።

የሚንተባተብ ልጅስ? ባሕር ዳር ካለ አንድ ክፍል ግቡ። መልሱን ያውቀዋል፤ እጁን ግን አያወጣም። ስሙን ሲጠየቅ የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ይያዛል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከኋላ ሳቅ ይሰማል። በማግስቱ «አላውቅም» ማለት ይቀልለዋል። ቤተሰቡም «ጨዋ ልጅ ነው» ይላል። ይህ ዝም ይነቅዛል! ለእሱ የሚሆነው ሌላው ተረት ነው፤ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል»። ከ100 ሰው 1 ያህሉ ይንተባተባል፤ ስንፍናም ጥፋትም አይደለም።

ጣና ዳር ዛፍ ሥር ልጆች ሰብስባ የምትተርት አክስት «ተረት ተረት» ስትል ሁሉም ባንድ አፍ «የላም በረት» ይላሉ። ያ ልጅም አብሮ ይላል፤ ሳይደናቀፍ። ከሰው ጋር እኩል ሲናገሩ መንተባተብ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች በደንብ ያውቁታል። ከጨዋታው የሚቀር ልጅ የለም።

ወደ ተረቱ ውስጥ ስንገባ ግን ማሞ ቂሎ የሚባል ልጅ አለ። ገንዘብ ሲጥል እናቱ «ኪስህ አትከተውም ነበር?» ትለዋለች፤ በማግስቱ ወተት ኪሱ ውስጥ ያንቆረቁራል። «በራስህ አትሸከመውም ነበር?» ስትለው ደግሞ ቅቤውን አናቱ ላይ አድርጎ በጠራራ ፀሐይ ይመጣል። ቅቤው በጆሮ ግንዱ እየወረደ ልጆቹ ይንከተከታሉ። ቃልን እንደወረደ የሚወስዱ ልጆች ግን በየቤቱ አሉ፤ ኦቲዝም ካለባቸውም ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ባለበት ልጃቸው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ብዙዎቹ ልጆች ቤት ተደብቀው ነበር። ለእነሱም «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለውን የማስተማሪያ ዘዴ አበጁ።

ማሞን ከተረት አናስወጣው፤ ጥያቄ እንጨምርለት። «ማን ነው በደንብ ያልተናገረው?» ሲባሉ ልጆች እናቱን ለማየት አይዘገዩም፤ ምክሯ ሁሌ ከጥፋቱ በኋላ ነው የሚመጣው። ከዚያ እያንዳንዱ በተራ እናቱን ሆኖ፣ ማሞ ወተቱን ሳይደፋ ቤት እንዲገባ አድርጎ ይንገረው። የሚንተባተበው ልጅ ተራ ሲደርስም ማንም ቃሉን አይጨርስለት፤ «ወ... ወ... ወተቱን በቅል» እስኪል ይጠበቅ።